የሚያሳምረው ሳጥንና የማይዋሸው ሳጥን

አቧራ ሲግል የራሱ ሽታ አለው። ደረቅ ነው፣ ትንሽ የተቃጠለ ስኳር ይመስላል፣ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ይከረክራል። ባለፈው ሳምንት ዓለም ባንክ መንገድ ዳር ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ አንድ የራዲዮ ጠጋኝ ሱቁ በር ላይ የድሮ የድምፅ ማጉያ ገላልጦ አምፖሎቹን አብርቷቸዋል። ሽታው መጣ። ታክሲውም መጣ፤ ረዳቱ «እማማ፣ ይገባሉ ወይስ አይገቡም?» ብሎ ጮኸብኝ። እኔ ግን ኮልፌ ነበርኩ፤ አባቴ ሳሎን ውስጥ፣ ብፌው አጠገብ፣ የዚያን ጊዜ ቀሚሴን ለብሼ። ታክሲው ጥሎኝ ሄደ፤ አልቆጨኝም።

አንተ ደግሞ ልጄ፣ በቀደም ስልክህን ይዘህ መጥተህ፣ የተጠማዘዘ መስመርና ቁጥር እያሳየኸኝ፣ «የትኛው እስፒከር ይሻላል?» አልከኝ። ሳቄ መጣ። አንተ አዲስ ነገር የያዝክ መስሎሃል፤ በዚህ ጉዳይ እኛ ቤት ስንጣላ እናንተ አልተፀነሳችሁም። እንግዲህ ተቀመጥና ስማኝ፤ መልሱን ራስህ ታወጣዋለህ።

ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ኮልፌ ያኔ ግማሹ ከተማ፣ ግማሹ ባህር ዛፍ ነበር። ጠዋት እንጨት የጫኑ አህዮች በደጃችን ይወርዳሉ፣ ከሰዓት በኋላ ጭነታቸውን አራግፈው እየተንቀባረሩ ይመለሳሉ። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጫማ ይውጥ ነበር። ቤታችን የጭቃ ቤት ነው፤ ግን በደንብ የተለሰነ፣ ቆርቆሮው የማያፈስ፣ ኮርኒሱ በአቡጀዴ የተወጠረ። ንፋስ ሲገባ ያ አቡጀዴ ከላያችን እንደ ተኛ ሰው ሆድ ከፍ ዝቅ ይላል። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ ቀራንዮ ሰንበት ትምህርት ቤት እዘምር ነበር። ጆሮዬን አሞገስኩ ብለህ አትታዘበኝ፤ ከመዘምራኑ መሀል ማን ከዜማው እንደ ወጣ ሳልዞር የማውቅ ልጅ ነበርኩ።

አባቴ መርካቶ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ መጀመሪያ ለሰው ሠርቷል፣ ኋላ የራሱን ከፍቷል። በጣቶቹ የሚያምን ሰው ነበር። ጨርቅ ሲመርጥ ዓይኑን ጨፍኖ ያሸዋል። ከወደደው ወደደው፤ ካልወደደው ፋብሪካው ራሱ መጥቶ ቢምልለት አይገዛውም። እናቴ ደግሞ የሸዋ ሰው ናት፣ ቤቷን የምታስከብር። ራዲዮው፣ ብፌው፣ የሶፋው መደገፊያ፣ የእጅ መታጠቢያው ማሰሮ ሳይቀር ዳንቴል ለብሶ ነው የሚውለው። ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ ስታይ ራቁቱን የቆመ ሰው ያየች ያህል ፊቷን ታዞራለች።

የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ፣ ራዲዮ ጣቢያ ድምፅ ቀጂ ነበር። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ መነጽሩ አፍንጫው ላይ አይቆምም። ድምፅ የሚቀዳበትን ባለ ክር ቴፑን በትከሻው አንግቶ ነው የሚዞረው፤ ሰው ልጁን እንደሚያዝል። ከአፉ የማትጠፋ ቃል «ልክ» የምትል ናት። «ድምፅ ልክ መሆን አለበት። እስፒከር መልእክተኛ ነው፤ የተሰጠውን ያደርሳል፣ አለቀ። የራሱን የጨመረ መልእክተኛ ዋሾ ነው» ይላል። አባቴ ይህን ሲሰማ ፂሙን እያሻሸ፣ «መልእክተኛ ምላሱ ካልጣፈጠ ማን በር ይከፍትለታል?» ይለዋል። በዚህ ሁለቱ ሲከራከሩ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነበር፤ ቢሆንም አንዱ ካልመጣ ሌላው ምግብ አይበላለትም።

የአባቴ አባት፣ አያቴ፣ ሲሞቱ አባቴ ራዲዮውን ዘግቶ በጨርቅ ጠቀለለው። ተዝካራቸው እስኪወጣ፣ ሙት ዓመቱ እስኪያልፍ፣ በቤታችን ዘፈን አልተሰማም። እናቴ ጥቁሯን ከቀየረች በኋላ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «ይህ ቤት ድምፅ ይግባበት እንጂ። ልጆች የሚያድጉበት ቤት እኮ ነው» አለችው። አባቴ ጎረሰ። በማግስቱ ከፒያሳ አዲስ ሸክላ ማጫወቻና ማጉያ ይዞ መጣ። ከማድረግ ይዘገያል እንጂ ሲያደርግ አይሰስትም።

ችግሩ እስፒከሩ ላይ ነበር። ፒያሳ ያሉት ነጋዴ ሽማግሌ፣ ከአባቴ ጋር በቃል የሚተማመኑ ሰው፣ ሁለት ዓይነት አሳይተውት መወሰን ሲያቅተው፣ «ሁለቱንም ውሰድ። ድምፅ በሰው ሱቅ አይመረጥም። ቤትህ ስማና ያልወደድከውን መልስ» አሉት። በዚህ የተነሳ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትንሿ ታክሲ ጣሪያዋ ላይ ሳጥን በሳጥን ተደራርቦባት፣ እያቃሰተች ኮልፌ ደረሰች። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከኋላዋ ይሮጣል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ የተባለው ለእኛ ሰፈር ነው።

አንደኞቹ ትልልቅ ነበሩ። እንጨታቸው ፊት ያሳያል፣ ከፊት ለፊት ወርቃማ ጨርቅ ተወጥሮባቸዋል፣ እግራቸው ነሐስ ነው። እናቴ ገና ስታያቸው «ሙሽሮች!» አለች፤ ስማቸው በዚያው ጸና። ሌሎቹ ያነሱ፣ ጥቁር፣ ምንም ጌጥ የሌላቸው ነበሩ። እነሱን ደግሞ ጎረቤታችን ጡረተኛው መቶ አለቃ ከታክሲው ሲወርዱ አይተው፣ «ይሄ የሳሙና ሳጥን ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። እነሱም ሳሙናዎቹ ሆነው ቀሩ።

አባቴ ሙሽሮቹን ገጠማቸውና አንድ ሸክላ አስቀመጠ። ምን ልበልህ? ወለሉ ከእግሬ ሥር ተነሳ። ብፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ እየተነካኩ ተንጫጩ። መቶ አለቃው ቆመው በእግራቸው እየመቱ፣ «ይሄ ነው! ሰውን ከተኛበት የሚያስነሳ ድምፅ ይሄ ነው!» አሉ። ዘፋኙ በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን ይመስል ነበር፤ ግን ማር የሞላበት በርሜል ነው፣ አልዋሽህም፣ ደስ ይላል። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጨርቅ ሲያሽ እንደሚያደርገው ጣቶቹን እያፋተገ ሰማ። ከዚያ ሳሙናዎቹ ተራቸው ደረሰ። ድምፃቸው የታፈነ ነበር፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ከብርድ ልብስ ውስጥ የሚያወራ ያህል። መቶ አለቃው እጃቸውን አወናጨፉ። አባቴም «አለቀ፣ ሙሽሮቹ ገቡ» አለ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አጎቴ መጣ። ገና ከበሩ ሳያልፍ ቆመና ሳሙናዎቹን አፍጥጦ አያቸው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ።

«ይህን ያደረግሽው አንቺ ነሽ?»

እናቴ ቅዳሜ ሳጥኖቹ ሲገቡ፣ ሰው ከመሰብሰቡ በፊት፣ ሳሙናዎቹን ራቁታቸውን እንግዳ ፊት ማቆም አሳፍሯት፣ አልብሳቸዋለች። ዳንቴል ብቻ ቢሆን ደህና። ጥቁሩ በዳንቴሉ ቀዳዳ እንዳይታይ ከሥሩ ከፋይ አድርጋበታለች፤ ያ ከአባቴ ሱቅ የመጣው ድርብርብ ቀይ ከፋይ። በላዩ ላይ የላስቲክ አበባ የያዘ ማሰሮ። ሙሽሮቹን ግን ጨርቃቸው ወርቅ ስለሆነ አልነካቻቸውም።

«አፋቸውን አፍናችሁ ተናገሩ ትሏቸዋላችሁ!» ብሎ አጎቴ ጮኸ። መነጽሩ ወደቀ። «በከፋይ! ቢያንስ በነጠላ አይሻልም ነበር? ጋሼ፣ እርስዎስ ዝም ብለው አዩ?»

«እኔ የሰማሁት ድምፅ ነው እንጂ ልብስ አላየሁም» አለ አባቴ፣ ሳቁን እያፈነ።

«ራቁቱን ዕቃ ሳሎኔ ውስጥ አላስቀምጥም። ይህ ቤት እንግዳ ይገባበታል» አለች እናቴ። ልታነሳም አልተነሳችም። አጎቴ ራሱ አበባውን አውርዶ፣ ዳንቴሉን አጣጥፎ፣ ከፋዩን እንደ ቆዳ ገፈፈው።

ከዚያ የሚያደርገውን አውቆ እኔን ልብስ እንዳስገባ ወደ ጓሮ ላከኝ። የተሰጣውን በክንዴ ታቅፌ ስመለስ የእናቴ ድምፅ ከሳሎን፣ «አንቺ ልጅ! ድስቱ አረረ እኮ!» ብሎ ጠራኝ። ልብሱን መሬት ላይ ጥዬ ወደ ማድ ቤት ሮጥኩ። እሳቱ ጠፍቷል፣ ድስቱ ባዶ ነው። ስመለስ ሳሎኑ በሳቅ ፈርሷል፤ እናቴ ሶፋው ላይ አፏን በነጠላዋ ይዛ ተቀምጣለች። የጠሩኝ ሳሙናዎቹ ነበሩ። አጎቴ ቀድሞ ድምፅዋን በቴፑ ቀርጾ ኖሯል። ከዚያ ያንኑ በሙሽሮቹ ከፈተው፤ እናቴ ጳጳስ ሆና ወጣች። «አንቺ ልጅ» ስትል ቡራኬ እንጂ ቁጣ አይመስልም ነበር።

«እኔ እንዲህ ነው የምጮኸው?» አለች እናቴ፣ በሳሙናዎቹ የሰማችውን እያሰበች። «ይሄስ ትንሽ ተናካሽ ነው። የእኔ እንደ ሙሽሮቹ ነው እንጂ።»

ታናሽ ወንድሜ፣ ገና ልጅ ነው፣ «እማዬ፣ ያንቺው ነው» አላትና ጉልበቷ ሥር ተደበቀ።

አጎቴ አሸናፊ ሆኖ ቆመ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ጋሼ። እርስዎ ጨርቅ ሲሸጡ በሜትር ነው የሚለኩት፤ ሜትሩ ልክ ካልሆነ ሌብነት ነው አይደል? ይኸው ልክ የሆነው ይሄ ነው።»

አባቴ ቸኩሎ የሚመልስ ሰው አይደለም። ጋቢውን አስተካከለ።

«ሜትሩ ሱቅ ነው ያለው። ቤቴ ገብቼም ልለካ እንዴ?» አለ። «ደግሞ ስማኝ አንተ ልጅ። ሚስቴን ለመስማት እስፒከር አልገዛም። ሚስቴ አለችልኝ። ሰው ይህን ነገር የሚገዛው የሌለውን ሰው ለመስማት ነው።»

ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ። ማንን እንዳለ ሁላችንም አውቀናል። አያቴ ከመሞታቸው በፊት በነበረው መስቀል ሁላችንም አገር ቤት ወርደን ነበር፤ አጎቴም ቴፑን ይዞ አብሮን ሄዷል። አያቴ ቤተሰቡን ሰብስበው ሲመርቁ ማይኩን ጋቢያቸው ላይ፣ ደረታቸው ጋ ሰክቶ ቀረጻቸው። ከዚያ የሚቀጥለው ክረምት ሳይወጣ ሞቱ። የተቀረጹበት ክር በካርቶኑ እንዳለ ብፌው መሳቢያ ውስጥ፣ ከሹካና ከማንኪያው በታች ተቀምጦ ነበር። እናቴ ማንኪያ ልታወጣ ስትል እንኳ እየተጠነቀቀች ነው እጇን የምትሰድደው። አባቴ ሰምቶት አያውቅም፤ ልስማው ብሎም አያውቅም።

«አምጪው» አለኝ።

አጎቴ ክሩን ቴፑ ላይ አጠመደ። አምፖሎቹ ግለዋል፤ ያ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። ከደጅ የአህዮቹ ኮቴ ይሰማል። በመጀመሪያ በሙሽሮቹ ተከፈተ።

አያቴ ገቡ። ሌላ ቃል የለኝም፣ ገቡ። ድምፃቸው ወፍራም፣ ሞቃት፣ ከከበሮ ሆድ የሚወጣ ነበር። የአባቴን አገር ቋንቋ እኔ ሰላምታና ቁጣ ያህል ብቻ ነው የምሰማው፤ እናቴና አጎቴ ያንንም አይሰሙም። ምርቃት ግን ቋንቋ አይፈልግም፤ ከፍ ይላል፣ ይወርዳል፣ ያርፋል፣ ሰዉ «አሜን» ይላል። እኛም ሳሎናችን ውስጥ ተቀምጠን ሳናስበው አሜን እንል ጀመር። እናቴ እንባዋን ለቀቀችው። አባቴ ፊቱ በራ። «አባቴ ይሄ ነው» አለ፤ «ይሄ ነው! ተራራ የሚያክል ሰው ነበር።»

አጎቴ ምንም ሳይናገር ክሩን መልሶ ጠቀለለ። ሽቦውን ነቅሎ ወደ ሳሙናዎቹ አዞረው።

መጀመሪያ የመጣው አያቴ አልነበሩም፤ እሳት ነው። የደረቀ እንጨት ሲፈነዳ። አንዲት ጥጃ። አንድ ሕፃን ሲያለቅስ፣ ሰው «እሽሽ» ሲለው። ከዚያ የአያቴ ድምፅ፣ ቀጭን፣ የፊት ጥርስ እንደሌላቸው የሚያስታውቅ፣ በየቃሉ መጨረሻ ላይ ትንሽ ፉጨት ያለበት። ያንን ፉጨት አወቅሁት። ትንሽ ሆኜ ሲያቅፉኝ ጆሮዬን ደረታቸው ላይ ስለጥፍ እሰማው ነበር። በሙሽሮቹ ስንሰማ ግርማ የመሰለን ዝምታ እዚህ ሌላ ሆነ። ማረፍ አልነበረም፤ ትንፋሽ ፍለጋ ነበር። ሰዉ አሜን በሚልበት መሀል እሳቸው አየር እየሳቡ ነው። አንድ ቦታ ላይ የአባቴ አሜን ከሁሉም በላይ ጮኾ ተሰማ፤ ከሥሩ ደግሞ፣ ወደ ማይኩ ተጠግታ፣ ሴት አያቴ አንድ ነገር አለች፤ እሳቸውም አጭር ነገር መለሱላት።

አባቴ ተነሳ። ባርኔጣውን አነሳና በሩን እንደ ተከፈተ ትቶ ወጣ። ወደ ባህር ዛፉ ሲሄድ በመስኮት አየነው።

እናቴ ወንድሟ ላይ ዞረች። «አየህ? አየህ የሠራኸውን? የሞተ ሰው ላይ ልክነት ምን ያደርግልሃል? ተራራውን አውርደህ በሽተኛ አድርገህ ሰጠኸው!»

አጎቴ ቴፑን እንደ ተገጠመ ትቶ እየተነሳ፣ «እኔ ምንም አልጨመርኩበትም» አለ፤ ቀስ ብሎ። የቀረበለትን ምሳ ሳይነካ ሄደ። እናቴ ዳንቴሏን፣ ከፋዩንና አበባውን ሁሉ በቦታው መለሰች። ሳሙናዎቹ ተመላሽ መሆናቸው ለእኛ ያለቀ ጉዳይ ነበር። እኔም፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የትኛው ትክክል እንደሆነ ጆሮዬ ያውቃል፤ ግን ተራራውን ነበር የምፈልገው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ገና ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ፣ አባቴ መጣ። ገበያ በሚበዛበት ሰዓት ሱቁን ዘግቶ ሲመጣ አይቼው አላውቅም። እናቴ ቤት አልነበረችም። ባርኔጣውን እንዳደረገ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ያንን ነገር ክፈቺልኝ» አለ።

ወደ ሙሽሮቹ ስሄድ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«በሳሙናው።»

አበባውን አወረድኩ። ዳንቴሉን እኔ አጣጠፍኩ፤ ከፋዩን እሱ ራሱ አነሳው፤ ከልማዱ የተነሳ በጣቶቹ አሸት አደረገውና ወንበር ላይ አኖረው። አጎቴ ሲያደርግ እንዳየሁት ሽቦውን አዞርኩ። እሳቱ መጣ፣ ጥጃዋ መጣች፣ አያቴ መጡ። አባቴ አጎንብሶ ጆሮውን ወደ ሳጥኑ አስጠጋ። ያ የእሱ አሜን የሚጮኽበት ቦታ ሲደርስ እጁን አነሳና፣ «መልሺው» አለኝ። መለስኩት። ደግሞ «መልሺው» አለኝ።

«አባባ፣ ምንድን ነው ያሉት?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እናቴ፣ ‹በቃህ፣ ትንፋሽህ አለቀ፤ የቀረውን ነገ ትመርቀዋለህ› አለችው።»

«እሳቸውስ?»

አባቴ ጆሮውን ከሳጥኑ አነሳ።

«‹ነገ መንገደኛ ነው፤ አሁን ይሙላለት› አላት» አለ። «ስለኔ እኮ ነው። እዚያው ፊቱ ተንበርክኬ ነበር። እኔ ነኝ በአሜኔ የሸፈንኳቸው። ምን ያህል እንደታመመ አላየሁም። ደረቱ ጠንካራ መስሎኝ፣ ይጨምርልኝ ብዬ አሜኑን ሳጮኽ እሱ ትንፋሹን ከየትም ለቅሞ ይሰጠኛል።»

ከዚያ አለቀሰ። ወንዶች እንደሚያደርጉት ፊቱን በጋቢ አልሸፈነም፤ ጋቢም አልለበሰም ነበር፤ የሱቅ ኮቱን እንደ ለበሰ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነው ያለቀሰው። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ አጠገቡ ተቀመጥኩ። በዚያ ሰዓት የወደድኩትን ያህል አባቴን ወድጄው አላውቅም።

ሲረጋጋ ወደ ሙሽሮቹ እያየ፣ «በእነሱ ስሰማው አባቴ ጎበዝ ነው። ጎበዝ ሰው ሲመርቅ ምን ይጎድልበታል? ካለው ላይ ነው የሚሰጠው» አለ። «እዚህኛው ግን ከሌለው ላይ ነው የሰጠኝ። ይሄን ትቼ ያኛውን ብወስድ የሰጠኝን መመለሴ ነው።»

ሙሽሮቹን ፒያሳ ራሱ ወስዶ መለሳቸው። ታክሲው ጣሪያ ላይ ሲታሰሩ መቶ አለቃው የሚወዱት ሰው ሬሳ የሚወጣ ይመስል በራቸው ላይ ቆመው አዩ። «የኮልፌ ነገር! ወርቁን ሰዶ ሳሙናውን ያዘ» ብለው እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ቀለዱበት። አጎቴም የሚጠበቅበትን ያህል አልኮራም፤ ነገሩን ከእናቴ ከሰማ በኋላ «ልክ» የምትለዋን ቃል በአባቴ ፊት ሲጠራት አልሰማሁም። እናቴ አንድ ነገር ብቻ አሸነፈች፤ ሳሙናዎቹ ዳንቴል ይለብሳሉ፣ ከፋዩ ግን ይቀራል።

ዘፈን በሳሙናዎቹ አያምርም ነበር፤ ይህንንም አልደብቅህም። የክራሩ ጅማት ጥፍር ሲነካው ይሰማል፣ ዘፋኙ ምራቁን ሲውጥ ይሰማል፣ ወለሉ ግን አይነሳም። አባቴ ራሱ ዓመት ከዓመት ያማርር ነበር። «ምን ዓይነት ደረቅ ነገር ነው ይሄ? ለዘፈን የሚሆን አንጀት የለውም» ይላል። «እንቀይረው?» ስንለው ግን ይቆጣል። በየዓመቱ መስቀል ሲሆን የአጎቴን ቴፕ ያስመጣና ዳንቴሉን በእጁ አንስቶ አባቱን ይሰማል። እዚያ ቦታ ሲደርስ አሁን አሜን አይልም፤ ዝም ብሎ ያዳምጣል።

እኔ ትምህርቴን ጨርሼ አስተማሪ ሆኜ ክፍለ ሀገር ስመደብ አጎቴ ቴፑን አንግቶ መጣ። የሽኝት ዕለት ጠዋት ነበር። ሻንጣዬ በር ላይ ቆሟል፤ እናቴ ስንቄን ትቋጥራለች። አባቴ ሊመርቀኝ ተቀመጠ፤ እኔ ፊቱ ተንበረከክሁ። አጎቴ ማይኩን ኮቱ ላይ ሊሰካ ሲያጎነብስ አባቴ በመዳፉ ሸፈነው።

«የኔ አይቀረጽም» አለ።

«ጋሼ፣ ለልጅዎ እኮ ነው! ሩቅ አገር መሄዷ ነው። አባትዎን እንዴት እንደሰሟቸው ረሱት?»

«አልረሳሁም። እሱን ልኩን ማወቅ ነበረብኝ፤ ዕዳዬ ነው። ይቺ ግን ዕዳ የለባትም።» ከዚያ ወደ እኔ ዝቅ ብሎ፣ «አንቺ እኔን እንደ ወደድሽ አስታውሺኝ» አለኝ።

መረቀኝም። ረጅም ምርቃት ነበር፤ በአማርኛ ጀምሮ በአገሩ ቋንቋ ጨረሰው። አሜን ስል ድምፄን ዝቅ እያደረግሁ ነበር፣ ከሥሩ የሚያልፍ ነገር ካለ እንዳልሸፍነው ብዬ።

አባቴ ካረፈ ብዙ ጊዜ ሆነው። ድምፁ የትም የለም። እኔ ግን በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ ወፍራም ነበር፣ ቀስ ያለ፣ ከታች የሚነሳ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ይስቅብኛል። «ኧረ ቀጭን ነበር! መርካቶ ከወዲያኛው ተራ ሲጠራኝ እንደ ፉጨት ነበር የሚሰማኝ» ይላል። በጆሮዬ ማንም አይከራከረኝም ብዬሃለሁ፤ ወንድሜ ግን በዚህ ነገር አንድ ስንዝር አይለቅልኝም። እኔም አልለቅለትም።

ባለፈው ሙት ዓመቱን አስበን ወንድሜ ቤት ስንውል፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ «እስቲ አንተ እንደምትለው አድርገህ ጥራኝ» አልኩት። ጉሮሮውን ጠረገና ስሜን አባቴ ይጠራኝ ነበር በሚለው ድምፅ ጠራኝ። እሱ አልነበረም። እኔ ደግሞ የእሱን ስም ጠራሁ፤ ወፍራም አድርጌ፣ ቀስ ብዬ፣ ከታች አንስቼ። ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማና፣ «አይደለም» አለኝ። እንደገና ጠራኝ። እንደገና ጠራሁት። የሁለታችንም ፀጉር ነጭ ነው፤ ሻይ ይዛ የገባችው ልጁ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች፤ እኛ ግን አንዳችን አንዳችንን በስም እየጠራን፣ «እንዲህ ነበር»፣ «አይ፣ እንዲህ ነበር» እየተባባልን፣ ማናችንም አባታችንን ሳናገኘው መሸ።